ስለ «እቶን» ባንድና ስለ ተዘጋው በር ለጓድ ካሳሁን የቀረበ ግለ ሂስ

አዋሳ፣ ኅዳር 5 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ካሳሁን ብዙአየሁ
የሐይቅ ዳር የኪነት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ጆሮዎ እንደምን ሰነበተልን? ከበዓሉ ቀን ወዲህ በግራ በኩል የሚያናግርዎትን ሰው መስማት እንደተቸገሩ ከቢሮዎ ሰዎች ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። በቀኝ በኩል የሚያናግርዎትን ግን ከዚያም በፊት ይሰሙት እንዳልነበር ስለማውቅ፣ ጉዳቱ ያን ያህል እንደማያስታውቅዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በበኩሌ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ደኅና ነኝ። ከሥራዬ ታግጄ ቤት ስለምውል የማስቢያ ጊዜ ተርፎኛል፤ ላበረከቱልኝ ዕረፍት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ባለፈው ሳምንት በተጻፈልኝ ደብዳቤ፣ «በትርጉም ሥራ ላይ በፈጸምሽው አሻጥር በዓሉን ስላበላሸሽ» በሰባት ቀን ውስጥ ግለ ሂስ እንዳቀርብ፣ ግለ ሂሱም ሕዝብ ይማርበት ዘንድ በከተማው ስድስት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ እንዲለጠፍ ታዝዣለሁ። ግለ ሂሱ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ተተይቦ፣ ለፊርማዬ ብቻ ባዶ ቦታ ተትቶለት ከደብዳቤው ጋር ስለደረሰኝ፣ ድካሜን ለመቀነስ ያሰቡትን ደግነት አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ ሰው ጥፋቱን በገዛ ቃሉ ቢናገር ይሻላል ብዬ፣ የእርስዎን ወረቀት በክብር አስቀምጬ የራሴን ጽፌያለሁ።

እውነቱን ለመናገር አባቴ አቶ ኩማ ይህን አልመከሩኝም ነበር። ታቦር ሰፈር ልብስ እየሰፉ እኔን ያሳደጉ፣ ከባለሥልጣን ጋር ተጋጭተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ፈርሚና ወደ ዓሣሽ ተመለሺ፤ ከማን ጋር ልትሟገቺ ነው?» አሉኝ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሆነውን ሁሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው ነገርኳቸው። ስጨርስ መቀሳቸውን አስቀመጡና፣ «እንግዲያው ፊደልሽን አሳምረሽ ጻፊ፤ ርቆ የቆመም ሰው ያንብበው» አሉኝ። እነሆ፣ ፊደሌን አሳምሬያለሁ።

ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያነበው ሕዝብ ማን እንደሆንኩ ላያውቅ ይችላል። ታቢታ ኩማ እባላለሁ። ሀንጋሪ ሀገር ስድስት ዓመት ተልኬ ስለ ዓሣ እርባታ ተምሬ ተመልሻለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት የሐይቃችን ቆሮሶና አምባዛ መቼ እንደሚራባ፣ ለምን እንደሚቀንስ ሳጠና ነበር። በከተማው የሀንጋሪን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ ከዚያ ሀገር ለበዓሉ የሚመጣ ባንድ እንዳስተረጉም ለሦስት ሳምንት በውሰት ለኮሚቴው ተሰጠሁ። ጥፋቶቼን እንዲህ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛው ጥፋቴ የአንድን ቃል ትርጉም ማወቄ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው ቴሌግራም «እቶን የሚባል ሄቪ ሜታል ባንድ፣ አምስት አባላት» ይል ነበር። እኔም «በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ እጅግ ከፍተኛ ድምፅ ያለው ሙዚቃ የሚጫወት የወጣቶች ቡድን» ብዬ ተርጉሜ ሰጠሁ። እርስዎ ግን ሙያዬን ለማረም ደግ ስለሆኑ ቃል በቃል ምን እንደሚል ጠየቁኝ።

«ቃል በቃል ‹ከባድ ብረት› ይላል፤ ግን የሙዚቃ ዓይነት ነው ጓድ» አልኩ።

«ከባድ ብረት ካለ ምን ትደብቂያለሽ?»

«አልደበቅሁም። ብረት አይሠሩም፤ ጊታር ነው የሚመቱት።»

«ስማቸውስ ‹እቶን› አይደል? እቶን ምን ይቀልጥበታል? ጨው?» አሉና ክፍሉን ሁሉ አሳቁ። ከዚያም ቀይ እስክሪብቶዎን አንስተው ትርጉሜን ሰረዙና ከላዩ ላይ «የከባድ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ላብ አደሮች የሙዚቃ ጓድ» ብለው በገዛ እጅዎ ጻፉበት። ያን ወረቀት በአሻጥረኝነቴ ምክንያት እስከ ዛሬ በጥንቃቄ አስቀምጬዋለሁ፤ ቀዩ ቀለም አሁንም አልደበዘዘም። በዚያው ቀን ላብ አደሩ መሪ መደብ ስለሆነ በዓሉን መዝጋት የሚገባው እርሱ ነው ብለው ወሰኑ። በሰልፍ ላይ መሪ ከፊት ይሄዳል፤ በበዓል ላይ ከኋላ ይመጣል። ይህን ረቂቅ ንድፈ ሐሳብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛው ጥፋቴ፣ ማን ከመዝጊያው እንደተነሣ ማስታወሴ ነው።

በመጀመሪያው መርሐ ግብር ሃያ ቡድኖች ነበሩ፤ የማርሽ ባንዱ፣ የትምህርት ቤት መዘምራኑ፣ ማሲንቆ ተጫዋቾቹ፣ ከየአውራጃው የመጡት ሁሉ። ሃያኛና የመጨረሻ ሆነው የተመደቡት ከቡሹሎ የመጡ አሥራ አንድ የገበሬ ሴቶች ነበሩ፤ መሪያቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ትባላለች። እንሰት ፍቀው፣ ውኃ ቀድተው፣ ከብት አስገብተው ሲያበቁ በየሳምንቱ እየተገናኙ ሦስት ወር ተለማምደዋል። ያዜሙ የነበረው በሲዳምኛ ስለሆነና እርስዎም «ቆንጆ ዜማ ነው፣ ቀጥሉ» ብለው ስላለፉት፣ ምን እንደሚሉ ልንገርዎት።

አሥራ አንዱም ልጆቻቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሄዱባቸው እናቶች ናቸው። አንዳቸውም ከዓመት ወዲህ ደብዳቤ አልደረሳቸውም። መዝሙሩ ልቅሶ የለበትም። እያንዳንዷ እናት በተራዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ትወጣና የልጇን ስም ትጠራለች፤ ትቶት የሄደውን አንድ ነገር ትናገራለች፤ ሌሎቹ «እንዳለ ነው፣ አልተነሣም» እያሉ ይቀበሏታል። የአንዱ ዶማ፣ የአንዱ ኳስ፣ የአንዱ ሳይጨርሰው የሄደው አጥር። አሥራ አንድ እናት፣ አሥራ አንድ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ገበያነሽ መሪ ስለሆነች ተራዋን የመጨረሻ አድርጋ ነበር።

እርስዎም ላብ አደሩን ከኋላ ሲያስገቡ ሴቶቹን ከፊት አደረጓቸው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወንበር እየተደረደረ ሳለ። አሥራ ሁለቱንም ደቂቃ ሦስት አደረጉት።

ሦስተኛው ጥፋቴ የእንግዳን ቃል በታማኝነት ማድረሴ ነው።

ባንዱ ከበዓሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ገባ። አምስቱም ጠጉራቸው እስከ ወገባቸው የወረደ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሱ ወጣቶች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ጠጉሩን አሳድጎ በመገኘቱ በቀበሌው ግቢ በአደባባይ የተላጨው የመናኸሪያው ኑሪ ከአጥሩ ባሻገር ቆሞ ሲያያቸው፣ በገዛ ራሱ ላይ እጁን ሲያሳርፍ አይቼዋለሁ። እርስዎ ግን ምንም ሳይደናገጡ «የእቶን ሙቀት ስላለባቸው ነው፤ አንገታቸውን ይሸፍኑበታል» ብለው ለኮሚቴው አስረዱ። ስለዚህ ማብራሪያ የኢንዱስትሪ ደኅንነት ሳይንስ ባለውለታዎ ነው።

ሴቶቹ ለልምምድ መድረክ ላይ ሲወጡ፣ ያኖሽ የሚባለው የባንዱ ዘፋኝ ሽቦ ሲቀጥል ነበር። ሁለተኛዋ እናት ላይ ሽቦውን ለቀቀው። አምስተኛዋ ላይ ወደ እኔ መጥቶ ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እስከ መጨረሻዋ እናት ድረስ ቆሞ ሰማ። ከዚያ የነገውን ተራ ጠየቀኝና ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። አብረን ወደ እርስዎ መጣን፤ የሆነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ከእነዚህ ሴቶች በኋላ የሚጫወት ሰው የለም ይላል። እኛ ጩኸታሞች ነን፣ እኩለ ቀን ላይ እንጫወት፣ እነሱ ይዝጉት ይላል።»

«ይሄ የእንግዳ ትሕትና ነው። እሺ በዪው።»

«እሺ ማለት ተራው ይቀየራል ማለት ነው?»

«እሺ በዪው ነው ያልኩሽ። ተራው አይቀየርም።»

እኔም «እሺ ብለዋል፤ ተራው ግን አይቀየርም» ብዬ ተረጎምኩ። ያኖሽ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ደግሜ ነገርኩት። «በቋንቋችሁ ‹እሺ› ምን ማለት ነው?» ሲለኝ ለመመለስ አፈርኩ። ይህም በግለ ሂሱ ላይ ይመዝገብልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ አንዱ ሴቶች ለባዶ ወንበሮችና ወንበር ለሚደረድሩ ሠራተኞች አዜሙ። ሦስት እናቶች የሦስት ልጆችን ስም ጠሩ። አራተኛዋ እናት አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንደወጣች ደወል ተደወለ። አፏን እንደከፈተች ቆመች፤ ከዚያ ያችኑ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ በዚያን ሰዓት ስላልደረሱ አላዩም። ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲመለስ ምን ያህል ሩቅ እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ። ከመድረክ ሲወርዱም ወንበሩ የተጋባዦች ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ ያመጣቸው መኪና ላይ ሆነው ማታ ሁሉም እስኪመለስ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ጠበቁ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ጠበቁ።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላዛባ ስለ ሙዚቃው ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም በከተማው ሁሉ «እንዲህ ያለ ባንድ የበዓል መዝጊያ ይሆናል ወይ?» እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ የተዘጋጀልኝ ግለ ሂስም ባንዱን «የበሰበሰ የቡርዧ ጩኸት» ይለዋል። ሐሰት ነው። ሙዚቃው ሙዚቃ ነው። በተማሪነቴ ጊዜ እንዲህ ያለውን በአዳራሽ ሰምቻለሁ፤ የመጣው ሁሉ ፈልጎት የመጣ፣ ያልፈለገ ደግሞ በሩ ክፍት ስለሆነ የሚወጣበት ነበር። አሥር ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ በዋርካው ላይ የሰፈሩት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንድ ላይ ተነሥተው ሐይቁን ተሻገሩ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች በነጠላቸው ጆሯቸውን ሸፈኑ፤ ሕፃናት አለቀሱ። ከኋላ የቆሙት የመናኸሪያ ወጣቶች ግን ወንበር ላይ ወጥተው ዘለሉ። ኑሪ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «እህት ታቢታ፣ ሱቃችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሰማው የሞተር ድምፅ ዘፈን ሆኖ መጣልኝ። ግን ለብቻው ቀን ይሰጠን ነበር። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሲሰቃይ እያየሁ እንዴት ልጨፍር?»

የኑሪን ቃል ኮሚቴው በሦስት ሳምንት ስብሰባ አልደረሰበትም። ልዩ ልዩ ዜማ የሚሰማበት በዓል ላይ የሚመጣው ሰው ልዩ ልዩ ነው፤ ማሲንቆ ሽቶ የመጣ አለ፣ የልጁን መዝሙር ሊሰማ የመጣ አለ፣ ወንበር ስላለ ብቻ የመጣም አለ። መዝጊያው የሁሉም ነው፤ ሁሉንም ይዞ ወደ ቤት የሚሸኝ መሆን አለበት። እቶን ባንድ በቀኑ እኩሌታ፣ ደሙ በሚሞቅበት ሰዓት፣ ወይም ለራሱ በተሰጠ ቀን ቢጫወት ኖሮ ዛሬ ከተማው በደስታ ያወራለት ነበር። ይህን ባንዱ ራሱ አውቆታል፤ ያላወቀው የብረት ሠራተኞች መሆናቸውን የወሰነላቸው ሰው ብቻ ነበር። ጥፋቱን በባንዱ ላይ መጫን ያለ ልኩ የተሰጠን ጫማ «ለምን ጠበብክ?» ብሎ እንደ መግረፍ ነው።

አራተኛው ጥፋቴ፣ ዋናው ወንጀሌ ተብሎ የተጻፈው፣ ድምፅ ማጉያ መያዜ ነው።

ሁለት ዘፈን ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹና ሕፃን ያዘሉ እናቶች መውጣት ጀመሩ። እርስዎም «እንግዶች እየተጫወቱ ማንም አይወጣም» ብለው የግቢው የብረት በር እንዲዘጋ አዘዙ። በዚያው ቅጽበት ያኖሽ ጊታሩን ወደ ጎን አድርጎ ተናገረ፤ እኔም መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆሜ ነበርና ለትርጉም ድምፅ ማጉያው ተሰጠኝ። እርስዎ ከፊት ወንበር ሆነው ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ለአብዮታችን ያላቸውን አድናቆት ገለጹ በዪ» አሉኝ። እሱ ግን ያለው ይህን ነበር፤ እኔም የተረጎምኩት ይህንኑ ነው፦

«እኛ ሰው እንዲሰማን እንጮኻለን። ትናንት እዚህ ላይ ሳይጮኹ የሚሰሙ አሥራ አንድ እናቶች አዳመጥኩ። ይህ ሰዓት የእነሱ ነበር። ካሉ ይምጡ፤ መድረኩን እንለቅላቸዋለን።»

በአማርኛ ተናገርኩ። ከዚያም ማንም ሳያዘኝ በሲዳምኛ ደገምኩት። ሲዳምኛውን የደገምኩት አስቤ ነው፤ አጥሩን አልፎ መኪናው ዘንድ እንዲደርስ። ለዚህ ቅጣት ካለ እቀበላለሁ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ይምጡ! ይምጡ!» አለ፤ ጆሯቸውን ሸፍነው የነበሩት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አወረዱ። ያን ጊዜ ነው በእጄ የነበረውን ድምፅ ማጉያ ያስጠፉት።

ያኖሽ ጠበቀ። ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም ነበር። ማንም አልመጣም። ከኮሚቴው አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ በእጁ «ምቱ፣ ምቱ» እያለ አመለከተ። ያኖሽም ሴቶቹ አልፈለጉም ብሎ ገመተና ጭንቅላቱን አቀርቅሮ ጀመረ።

ሴቶቹ ግን ፈልገው ነበር። ሲጠሩ ሰምተው ከመኪናው ዘለው ወርደው፣ አሥራ አንዱም ሮጠው ወደ በሩ መጥተዋል። ሰው እንዳይወጣ የተዘጋ በር ሰው እንዳይገባም ይዘጋል፤ ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ከእኛ መሐል ያሰበ አልነበረም። ገበያነሽ የብረቱን በር በእጇ መታች። ደጋግማ መታች። ዘበኛው ደንግጦ ምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ ከፈት አደረገው፤ ከውስጥ «ዝጋ ተብለሃል!» የሚል ድምፅ ሲሰማ መልሶ ገፋው። የገበያነሽ ቀኝ እጅ በመካከል ነበር። ሁለት ጣቶቿ ተሰበሩ።

አምስተኛውና እውነተኛው ጥፋቴ ይህ ነው፤ በተዘጋጀልኝ ወረቀት ላይም ስላልተጻፈ እርስዎ አላወቁትም። በሩ ሲመታ እኔ ሰምቼዋለሁ። መድረኩ ጠርዝ ላይ ሆኜ፣ በከበሮው መሐል የተመታ ብረት ሲያቃጭል ይሰማኝ ነበር። የሙዚቃው አካል መስሎኝ ዝም አልኩ። አንዲት እናት የልጇን ስም ለመጥራት በር ስትደበድብ፣ እኔ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቀው ሰው፣ ያን ድምፅ ሳልተረጉመው ቀረሁ። በዚህ ላይ ሂስ የሚያደርግብኝ ሰው ካለ ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ። እርስዎ ግን ያ ሰው አይደሉም።

በሳምንቱ ቡሹሎ ሄጄ ጠየቅኋት። እጇ በእንጨት ታስሮ፣ በጥላ ሥር ተቀምጣ ጎረቤቶቿ የእርሷን እንሰት ሲፍቁላት ታያለች። በቀኝ እጇ ለሁለት ወር ምንም እንዳትሠራ ተነግሯታል። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ሲጠሩን ሰምተናል» አለች። «በቋንቋችን ስትጠሪን ሰምተናል። እሱ አይረሳኝም።» ቀጥላም፣ «ያ የሚጮኸው ልጅ ምን ሆኖ ነው? እናቱ አለች?» አለችኝ።

«አለች። እናቱም አባቱም ደኅና ናቸው» አልኳት።

«እንግዲያው ይጩህ፤ ወጣት ነው» አለች። ልነሣ ስል ደግሞ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ደረሰን ግን አልጠራሁትም» አለች። ደረሰ ልጇ ነው። ቡድኑ ከእንግዲህ ይቀጥል እንደሆነ ስጠይቃት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አሁንም እንደዚያው ናት፤ ይህን ለማሳመር የምጨምረው ነገር የለኝም።

ስድስተኛ ጥፋት አሁን፣ በዚህ ወረቀት ላይ፣ ሕዝብ ፊት እፈጽማለሁ። በሦስት ደቂቃዎ ምክንያት ያልተጠሩት ልጆች ስምንት ናቸው። ስማቸውንና እናቶቻቸው ሊሉት የነበረውን ከገበያነሽ አፍ ጽፌዋለሁ። ላላምቶ፣ አጥሩን ሳይጨርስ ሄደ። ዳንጊሶ፣ ኳሱ ከጣራ ሥር ተሰቅሏል። ባራሳ፣ ያሳደጋት ጊደር ወለደች። ከበደ፣ ደብተሩ ላይ ስድስት ባዶ ገጽ አለ። ሌዳሞ፣ አልጋውን ማንም አልተኛበትም። ቡሪሶ፣ የተከለው ባሕር ዛፍ ከእናቱ በልጧል። ግዛቸው፣ ሚስት ታጭታለት ትጠብቃለች። ደረሰ፣ ዶማው በር ላይ ተደግፏል። እንዳለ ነው፣ አልተነሣም።

ይህ ግለ ሂስ በትእዛዝዎ በስድስት ሰሌዳዎች ላይ ስለሚለጠፍ፣ ከበዓሉ ቀን ይልቅ ዛሬ ብዙ ሕዝብ ያነባቸዋል። ስለዚህ ትእዛዝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኔ በገዛ ሥልጣኔ አንድ ሰሌዳ እንኳ ባላገኘሁ ነበር። ቢያስነሡትም ቅር አይለኝም፤ ጠዋት ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ፈጥነው ያነባሉ፣ በቃላቸውም ይይዛሉ።

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣ የተዘጋጀውን ግለ ሂስ ባለመፈረሜ የሚደርስብኝን አላውቅም። አባቴ የክረምት ካፖርቴን ገጣጥመውልኛል፤ ለምን ኅዳር ላይ ካፖርት እንደሚያስፈልገኝ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ፈርቻለሁ። ብፈራም ግን የእርስዎን ቃል በእኔ ስም ከምፈርም፣ በእኔ ቃል ላይ እርስዎ የፈለጉትን ቢፈርሙበት እመርጣለሁ።

ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ስላነበቡልኝ፣ ወይም ሰው አንብቦ ስላሳጠረልዎ፣ ወሰን የሌለው አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ለከርሞው በዓል ረጅም ዕድሜና አጭር ንግግር እመኝልዎታለሁ።

ከዓሣ ባለሙያነት የታገደች፣
ከአስተርጓሚነት የተባረረች፣
የእናትና አባቷን ቋንቋ ግን ማንም ያልነጠቃት፣

ታቢታ ኩማ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለስድስቱ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች
ለቡሹሎ አሥራ አንድ እናቶች፤ በቃል የሚነገር

ዘግይቶ የታሰበ፦ ትናንት በፖስታ ከሀንጋሪ በእርስዎ ስም የተላከ፣ አምስቱም የባንዱ አባላት የፈረሙበት ሦስት ገጽ ደብዳቤ በእኔ አድራሻ ደርሶኛል። ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ከትርጉም ሥራ በደብዳቤ ስለታገድኩ ሕግ ጥሼ ልተረጉምልዎ አልደፍርም፤ በከተማውም ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ቀይ እስክሪብቶዎን ይዘው እንደ ልማድዎ ቢተረጉሙት ይሻላል። ለማገዝ ያህል አንድ ፍንጭ ብቻ ልስጥዎ፦ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከስምዎ ቀጥሎ የተጻፈው ቃል «ጀግና» ማለት አይደለም።